የኅዳር ጭስና የሰኞ ስልክ

ዘንድሮም ኅዳር ሚካኤል ቆቦ ታጠነች። በየሰፈሩ ቆሻሻው ተጠርጎ፣ የማሽላ አገዳው ቁርጥራጭ፣ ያረጀ ሰሌን፣ ያለቀ ጫማ ሁሉ በየደጁ ተከምሮ ተቃጠለ። ጭሱ ዋናው መንገድ ላይ ተኝቶ ባጃጆቹ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ይሄዱ ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ በዚህ ቀን ከቤት ስለማልወጣ ነው። በርና መስኮት ዘግቼ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ወትፌ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ አስም አለበት ይሉኛል። የለብኝም። አስም የነበረባት እህቴ ናት። እሷ ከሞተች ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። ጭሱ ግን ዘጋሁም አልዘጋሁም ይገባል። ትራስ ውስጥ ይገባል፣ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል፣ ለሳምንት አይለቅም።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በጭሱ ብቻ አይደለም። ከሚካኤል በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመጣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት በስልክ ታወራ ነበር። ሥራዬ የመስኖ ሞተር ጥገና ነው። ጭኔ ላይ የተፈታ ፓምፕ ነበር፣ ሐሳቤም እሱ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ «ሰኞ እኮ ነው ዛሬ። አንድም ሰው ካልመጣ ዜሮ በሉ፤ ዝም ግን አትበሉኝ» አለች። እጄ ፓምፑ ላይ ቀረ። ዞሬ አላየኋትም። ባያትም አላውቃትም፤ ፊቷን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ድምፅዋን ግን አውቀዋለሁ። ያ የጎጃም አነጋገሯ፣ ቃሉን ጫፉ ላይ ያዝ አድርጋ የምትለቀው ነገር። በአሥራ አምስት ዓመት ትንሽ ጎርነን ብሏል እንጂ እሱው ነው።

ያኔ ባጃጅ ገና አልበዛም ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በጋሪ ነበር የሚኬደው። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር ይታሠርላቸው ነበር፣ ለዓይን ነው ይባላል። ሻይ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፣ ቆይ፣ አንድ ብርም የሚሸጡ ነበሩ፣ ከገበያው በታች በኩል። ከሻይ ቤቱ ማዕዘን ላይ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ የራያ ጭፈራ ይከፍታል፣ ከፊቱ የሚያልፍ ሸክም ያለበት ሰው እንኳ ትከሻው ሳያውቀው ይነቃነቃል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ አልመጣልኝም፣ ሥራም አልነበረኝም። ጂንሴ ጉልበቱ ላይ ነጥቶ ነበር፣ ሆን ብዬ በድንጋይ ፈትጌው ነው፤ እንደዚያ ነበር ፋሽኑ። አፋሮቹ ግመል ይዘው ሲመጡ ከጥጥ ጨርቃቸው አጠገብ ቆሜ ሱሪዬን አይ ነበር፣ ማን ይበልጣል ብዬ። አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው። ግን ደስ ይል ነበር። አዎ፣ ደስ ይል ነበር።

እህቴ ይመኙሻል ትባላለች። ሰዉ ሲስተር ይመኙ ይላታል። እኔ እታለም እላታለሁ፣ እሷ ወንድምዓለም ትለኛለች። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ሳላውቀው ስለሞተ ያሳደጉኝ እናቴና እሷ ናቸው ማለት ይቻላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ሥራዋ ብዙ ነበር፤ እሷ ግን ከሁሉ የምትወደው አንዱን ነበር፣ ሰው የማይረዳላትን። ሳል መቁጠር እንለው ነበር በቤታችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ቦታዎች ተመርጠው የጉንፋኑ ዓይነት በሽታ፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው፣ መቼ እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ በየሳምንቱ ይከታተላሉ። የኛው ጤና ጣቢያ አንዱ ነበር። ትኩሳትና ሳል ይዞት፣ ከጀመረው አሥር ቀን ያልሞላው፣ ካርድ አውጥቶ የታየ ሰው ይቆጠራል። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ከአንዳንዱ በቀጭን የጥጥ እንጨት ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ሆኖ በአውቶቡስ ይሄዳል። ቁጥሩ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በስልክ ይነገራል። ካርድ ያላወጣ አይቆጠርም። ይህን ልብ በሉልኝ። ደንቡ ነው፣ መጥፎ ደንብም አይደለም፤ እንደዚያ ካልሆነ መንገድ ላይ የሚያስለው ሁሉ ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን ለምን እንደምትደክም ጠየቅኋት። ወደ ጎሊና ወንዝ በኩል ጥንቅሽ እየመጠጥን እንሄድ ነበር። በጣቷ ወደ ተራራው አሳየችኝ። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚህ ቆላው ፀሐይ ነው፤ ጎርፉ ግን ይመጣል። ከላይ ያለው ገበሬ ወደ ታች ካልጮኸ ታች ያለው ከብቱን ከወንዙ ሳያወጣ ይወሰድበታል። «ሳልም እንደዚያው ነው» አለችኝ። «አንዱ ሲያስል አንድ ሰው ታመመ ነው። ከጅማም ከጎንደርም ከሐረርም ከኛም ሲደመር ግን ጎርፉ የት እንደደረሰ ይታያል። እኔ የምጮኽ ነኝ።» ጥንቅሹን ተፍታ ሳቀች። ስትስቅ ደረቷ ያፏጫል፣ እንደ አሮጌ ወናፍ። ለምደነው ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ በክፍሏ በር ጀርባ ላይ ከሒሳብ ደብተር የተገነጠሉ ባለ አራት ማዕዘን ወረቀቶች አያይዛ ለጥፋ ነበር። እዚያ ላይ በቀይ እርሳስ በየሳምንቱ ነጥብ ታስቀምጣለች፣ ነጥቡን ከነጥብ ታገናኛለች። መስመሩ ክረምት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንደገና ይነሣል። አንዳንዴ ከአዲስ አበባ የመላ አገሪቱ መስመር ያለበት ፎቶ ኮፒ ይመጣላታል። ያን ቀን ቤት ስትገባ ፊቷ ይበራል። ወረቀቱን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ለእናቴ፣ «እማዬ፣ ይኸ ጉብታ ውስጥ የኛም ሰው አለበት» ትላታለች። እናቴ ማሽላ እየለቀመች ቀና ብላ ታያለች። እስቲ የቱ ጋ ነው የኛ ብላ ትጠይቃታለች። ተደምሮ የሄደ ሰው ተለይቶ አይታይማ።

ናሙና ከሰጡት የማይረሱኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፣ ከጎብዬ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ። እኔ ያን ቀን የበረዶ ሣጥኑን ወደ አውቶቡስ ላደርስላት እዚያው ነበርኩ። እህቴ የጥጡን እንጨት ይዛ ስትቀርባቸው ወንበሩን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። «ልጄ፣ በአፍንጫዬ ገብተሽ አንጎሌን ልታወጪው ነው?» አሏት። እሷም ረጋ ብላ፣ «ካገኘሁት እመልሰዋለሁ አባባ» አለቻቸው። ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ በሳቃቸው መሐል ወሰደችው። ውጤቱ ከሦስት ወር በኋላ ነበር የመጣው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲሸጡ አግኝታቸው፣ ያኔ የያዘዎት ኢንፍሉዌንዛ ነበር አለቻቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን አንሥተው አሰቡና፣ «እንዲህ በይኝ እንጂ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ጤነኛ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ» አሏት። ይህን እሷ ስትናገረው ነበር የሚያምረው። እኔ አልችልበትም።

ሰኞ ጠዋት በሽተኛ ስለሚበዛባት ብዙ ጊዜ ስልኩን እኔ ነበርኩ የምደውልላት። ከበሩ ጀርባ ካለው ወረቀት ወይም ከደብተሯ ቁጥሩን አነባለሁ። በዚያኛው ጫፍ፣ ወልድያ ካለው የጤና መምሪያ ሆና የምትቀበለው ሰናይት ነበረች። ሰናይትና እህቴ ሦስት ዓመት በስልክ ተዋወቁ እንጂ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። እህቴ በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ፣ ለሰናይት ባል ስጡልኝ፣ እሷ ካገባች ሰኞን ትረሳልን ይሆናል ትላለች። ሰናይት እዚያ ማዶ ትስቅና ለኔ፣ የራያ ሰው ይላክልኝና ሰኞን እተዋለሁ ትለኛለች። እኔ አፍሬ ቁጥሬን እደግማለሁ። ቁጥር በማይኖርበት ሳምንት ዝም ማለት አይቻልም። ዝም ያለ ቦታ ይጠየቃል። ሰው ካልመጣ ዜሮ ይባላል፣ ተጽፎም ይሄዳል።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልምጣ። እያራዘምኩት እንደሆነ አውቃለሁ።

የማሽላ አጨዳ ነበር። በአጨዳ ሰሞን ጤና ጣቢያ ሰው አይመጣም፤ ታሞም ቢሆን ማሳው ላይ ይታመማል። ሁሉም ያስላል ደግሞ። የማሽላው ብናኝ አንገት ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ በዚያ ወር የማያስል ራያ ውስጥ አይገኝም። ሚካኤል እሑድ ዋለ። ጠዋት ንግሥ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ታጠነ። እህቴ በር ላይ ቆማ የሰፈሩን ልጆች ስታይ ስለ ቅድመ አያቶቻችን ነገረችኝ። ይህ ጭስ የተጀመረው ድሮ የኅዳር በሽታ ሰው ሲፈጅ፣ ቀባሪ ሲጠፋ ነው። በሽታውን በጭስ እናባርር ብለው ነው። «ያ በሽታ እኮ እኔ የምቆጥረው ነው፤ እሱው ነው» አለችኝ። እነሱ በጭስ፣ እኔ በስልክ ብላ ልትስቅ ስትል ሳል ያዛት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች። ከቅዳሜ ጀምራ ታስል እንደነበር አሁን ሳስበው አውቃለሁ። ያኔ ግን አስሟ ነው፣ ብናኙ ነው፣ ጭሱ ነው። ምክንያቱ ተትረፍርፎ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አልሄደችም። ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጋ ተኝታ ነበር፣ ጋቢ ተከናንባ። ሪፖርቱን ደውልልኝ፣ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው አለችኝ። እኔ ቆሜ ነበር። ለብሼም ነበር። ቢጫ ካናቴራዬን፣ ከኋላው ቁጥር ሰባት የተሰፋበትን። ቁጥሩን ከአሮጌ ነጭ ጋውኗ ቆርጣ የሰፋችልኝ እሷ ናት። ያን ቀን ጎብዬ ሄደን ከጎብዬ ልጆች ጋር ልንጫወት ቀጠሮ ይዘን፣ የሚያደርሰን አይሱዙ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። የቡድኑ አምበል ስሜን እየጠራ ቢጫው፣ ሙሽራ ነህ እንዴ፣ ውጣ እንጂ ይለኛል። ደብተሩን ገለጥኩ። ያ ሳምንት ባዶ ነበር፣ ማንም አልመጣም። ደወልኩ። ዜሮ አልኩ።

ሰናይት ጻፈችው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ። ከዚያ እህቴ አሳለች። ረጅም ነበር፣ የማያቋርጥ፣ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«ማን ነው የሚያስለው?» አለች ሰናይት።

«እህቴ ናት። ጭሱ ነው፣ የትናንቱ የሚካኤል ጭስ።»

«ትኩሳትስ አላት?»

ከአልጋዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት። እጄን ብዘረጋ፣ አንድ እርምጃ ብራመድ፣ ግንባሯን እነካለሁ። ጥሩንባው ተነፋ።

«የላትም» አልኩ።

እግዜር ይማርሽ በላት ብላ ሰናይት ዘጋችው። እኔም ስልኩን ትራሷ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። አይሱዙው ላይ ስንወጣ ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር። ነፋሱ ካናቴራዬን እየነፋው፣ መንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሽላ ክምር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ስመለስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታት ነበር፣ ቤቱ በዳማከሴ ሽታ ተሞልቶ ነበር። ማክሰኞ ነገ እሄዳለሁ አለች። ረቡዕ በጠዋት በሰው ሸክም አስፋልት አውጥተን መኪና ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ትኩሳቱ መቼ ጀመራት ብሎ ጠየቀ። ትናንት አልኩ። ይህንንም አልኩ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አረፈች። የሳንባ ምች ተባለ። ናሙና አልተወሰደላትም፤ ይህን የምትወስደው እሷ ነበረች። ቀብሯ ላይ ያ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው ነበር። ከመቃብሩ ራቅ ብለው በትራቸውን ተደግፈው አፍንጫቸውን በጣታቸው ይዘው ቆሙ። የሚያለቅሱ ይሁን የሚያስቡ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሥራ ተማርኩ፣ ሞተር መፍታት ቻልኩ። ጋሪው ጠፋ፣ ካሴት ቤቱ የስልክ ሱቅ ሆነ፣ ሻይ አንድ ብር ነበር ስል ልጆች ይስቁብኛል። በኋላ በመጣው የጦርነት መከራ ጤና ጣቢያው ሲራቆት የክፍሏ በር ተነቅሎ ተወሰደ። ወረቀቷ የተለጠፈበት በር የማን ቤት በር እንደሆነ እንጃ። ያ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ በየቀኑ ማታ በቴሌቪዥን ቁጥር ይነገር ነበር፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል ሞተ። ሰው ሁሉ በጨርቅ አፉን ሸፍኖ ሻይ ቤት ተሰብስቦ ይሰማል። እኔ ተነሥቼ እወጣለሁ። ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩ ሲነበብ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ስንቱ ወንድም የላትም ብሎ ይሆን። ስንቱ ቁጥር ውስጥ እንደኔ የቸኮለ ሰው ተቀምጦበት ይሆን።

ለአሥራ አምስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ስደርስ ሌላ ኃጢአት እናገራለሁ። ቀላሉን እመርጣለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያን ቀን አላት ብዬ ቢሆን ኖሮ እህቴ ትተርፍ ነበር ወይስ አትተርፍም? ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ሰው ነው፣ እሷም አሁን ከኋላዬ ተቀምጣለች።

ቆቦ መናኸሪያ ስንወርድ ተከተልኳት። ወፍራም፣ አጠር ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። እንደዚያ አልነበረም የሣልኳት። ሰናይት ብዬ ስጠራት ዞረች። የይመኙሻል ወንድም ነኝ አልኳት። ጥቂት አየችኝ፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሲስተር ይመኙ፣ የሳቂታዋ፣ ያ ሰኞ ሰኞ የሚደውለው ልጅ ነህ አለችኝ። በሐሳቤ ልጅ ነበርክ፣ ሸብተሃል እኮ አለችኝ። ጡረታ ልትወጣ ትንሽ እንደቀራት፣ ባል እንዳላገባች፣ እህቴ በዚህ ሁሌ ትቀልድባት እንደነበር ነገረችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አውቶቡሶቹ ይንጫጫሉ፣ ረዳቶቹ ወልድያ ወልድያ ይላሉ፣ እኛ መሐላቸው ቆመናል። ፓምፑ ክንዴ ሥር ነበር።

የመጨረሻውን ስልክ ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኳት። አሰበች። አላስታወሰችውም። ስንት ስልክ ነው በቀን የምቀበለው ወንድሜ አለች፤ የሞቷን ወሬ እንኳ የሰማችው ከወር በኋላ፣ ከኛ ቦታ ሪፖርት ሲቋረጥባት ስትጠይቅ ነው። ነገርኳት እንግዲህ። ሳሏን፣ ጭሱን፣ ጥያቄዋን፣ መልሴን። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስጨርስ ካርድ ያላወጣች ሰው ስለሆነች ብትነግረኝም ሪፖርቱ ዜሮ ነው የሚሆነው፣ አትጨነቅ አለችኝ።

«ስለ ሪፖርቱ አይደለም» አልኳት። «ትኩሳት አላት ብዬሽ ቢሆንስ?»

መነጽሯን አወለቀች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ብዙ ጠረገችው።

«እውነቱን ነው ወይስ እንዲቀልህ?»

«እውነቱን።»

«አስም ያለባት ባለሙያ፣ ትኩሳትና ሳል ይዟት ተኝታለች ከተባለ መኪና እልክ ነበር። ያን ሰሞን መኪናው በር ላይ ነበር ቆሞ የሚውለው።»

ይህን ብላ ወዲያው ተጸጸተች፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ቅባታም እጄን ይዛ፣ መላክ ማለት ማትረፍ ማለት አይደለም፣ ሞት ቀን አለው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለችኝ። ሰማኋት፣ ግን አልገባኝም። ባጃጅ አስቁሜላት ሄደች።

እኔና እናቴ ዛሬም እዚያው ቤት ነን። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ማሽላውን አሁን በጣቷ ዳብሳ ነው የምትለቅመው። ስገባ ድምፄን ሰምታ ሞተሩ ተሠራ ወይ አለችኝ። ፓምፑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከፊቷ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። ሰናይት እውነቱን ስትነግረኝ አፌ የተከፈተ ይመስለኛል። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ እማዬ፣ ግንባሯን አልነካሁም፣ የላትም አልኩ አልኳት። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትረግመኝም ፈልጌ ነበር።

እናቴ ከሰፌዱ እፍኝ ማሽላ አነሣች።

«እኔ ነክቻት ነበር» አለች። «አንተ ሳትነሣ። እሳት ነበረች።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«እሷ ናት ዝም በይ ያለችኝ። ለወንድምዓለም እንዳትነግሪው፣ ከሰማ ይቀራል፣ ኳሱን ይጫወት አለችኝ። ነገ ራሴ እሄዳለሁ አለችኝ። የተማረች ናት፣ ታውቃለች ብዬ ተውኩት።» ማሽላውን ወደ ሰፌዱ መለሰችው። «ግድግዳውን ዞራ የተኛችው ፊቷን እንዳታይ ነው፤ ቀልቶ ነበር።»

የሁሉን ትኩሳት የምትለካ ሰው የራሷን ከኔ ደበቀች። ለኳስ። ከዚህ በኋላ የማለቅስበት ነገር የቀረኝ አይመስለኝም ነበር፣ ቀርቶኝ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። እሷ ይህን ለአሥራ አምስት ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖራለች፣ እኔም የኔን፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ። አሁን ተነጋግረን የቀለለ ነገር የለም። እያንዳንዳችን የሌላውንም ጨምረን ያዝን።

እናቴ በዚያ በደከመ ዓይኗ ወደ ድምፄ ዞራ፣ አንድም ቀን ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ያን ቀን አሸነፋችሁ?»

ያን ቀን ጨዋታ አልነበረም። ጎብዬ ስንደርስ ሜዳው ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ አጨዳ ወጥተው ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅናቸው፣ ከግራር ጥላ ሥር ተኝተን፣ ጥንቅሽ እየመጠጥን፣ ማንም አልመጣም። ኳሷን ከአይሱዙው እንኳ አላወረድናትም።

«አሸነፍን እማዬ» አልኳት። «ሁለት ለባዶ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበችና መልቀሟን ቀጠለች።